ስም የተሰቀለበት ዋንዛ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ማጂ ተራራ ድረስ፣ በዘመኔ እኔን የሚያህል ደፋር ልጅ አልተወለደም። ዘንዶ ረግጬ አልፌያለሁ፣ ጉሬዛ በጭራው ጎትቼ ከዛፍ አውርጃለሁ፣ ከነብር ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተን ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው። ይህን ለልጆቼ እያወራሁ ሳለሁ ግን፣ ከጎረቤት ግቢ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጋር ቀስ ብሎ ሲነካካ ከሰማሁ፣ ቅጭል፣ ቅጭል የሚለው ያ ቀጭን ድምፅ ከመጣ፣ ወሬዬን አቋርጬ ወደ ኋላዬ እዞራለሁ። ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ዘንዶው የውኃ ማጠጫ ጎማ እንደነበረ፣ ነብሩም የበር ጠባቂያችን የሃምሳ አለቃ ደምሴ ድመት እንደነበረች ያኔ ትዝ ይለኛል።

ያደግኩት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ማዕከል በሆነው ግቢ ውስጥ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ገና ስላልመጣ ቦታው የአንድ የግብርና ማሠልጠኛ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋርደን» ይለው ነበር። ቡናና መንገድ ዙሪያውን ሲበሉት የተረፈ ቁራሽ ጫካ ሆኖ፣ በውስጡ ጠባብ መተላለፊያዎች ወጥተውለት፣ ከሸኮ፣ ከማጂና ከቤንች ቀበሌዎች የመጡ ዛፎች፣ ኮረሪማዎች፣ ሐረጎች፣ እንዲሁም ስማቸውን ያመጣቸው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ቅጠሎች በረድፍ የሚተከሉበት ቦታ ነበር። እኛ የሠራተኛ ቤተሰቦች የምንኖረው በታችኛው በር በኩል፣ በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተደረደሩ አምስት ክፍሎች ውስጥ ነው። በአንዱ ክፍል የቤንች፣ በአንዱ የሸኮ፣ በሌላው የጉራጌ ቋንቋ ይሰማል፤ ሲጣሉ ግን ሁሉም በአማርኛ ይጣሉ ነበር። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ አምስቱም ቤት «ይማርህ» ይል ነበር።

አባቴ የጋርደኑ ጸሐፊ ነበር። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ያላየውን ነገር የማይጽፍ ሰው ነው። ከመዝገቡ ሌላ የዛፎቹን ታርጋ የሚሠራውም እሱ ነበር፤ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጦ፣ ጠርዙን በመዶሻ አጥፎ፣ ፊደሉን በምስማር ነጥብ በነጥብ እየወጋ፣ የዛፉን ቁጥር፣ ስሙንና የመጣበትን አገር ያወጣና ግንዱ ላይ በሽቦ ያስረዋል። ቀለም ዝናቡ በአንድ ክረምት ይልሰዋል፤ የተወጋ ፊደል ግን ዓይነ ስውርም በጣቱ ያነበዋል።

ዛፍ ሲሞት ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም ነበር፤ ያ የጋርደኑ ደንብ ነው። አባቴ የሞተውን ዛፍ ታርጋ በፒንሳ ቆርጦ አውጥቶ፣ ከቤታችን ጓሮ በሁለት ምሰሶዎች መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ ይሰቅለውና፣ መዝገቡ ላይ በቁጥሩ ትይዩ «የለም» ብሎ ይጽፋል። ሽቦው ወደ መጸዳጃ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሻግሮ ስለነበር፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በሙታኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነበረበት። ነፋስ ሲኖር ቢቅጨለጨሉ ማንም ግድ አልነበረውም። ችግሩ ነፋስ በሌለበት፣ ጭጋጉ እንደ እርጥብ ጋቢ ወድቆ አንድ ቅጠል በማይነቃነቅበት ጠዋት መቅጨልጨላቸው ነው፤ ከዳር ያለው አንዱ ታርጋ ብቻውን ይዞርና ቅጭል ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላው ይመልስለታል። አባቴ «አይጥ ነው» ይል ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሁሉን መዝጋቢ ሰው በሽቦ ላይ የሚሄድ አይጥ አይቶ መዝግቦ አያውቅም።

በልግ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ የጋርደኑ ሥራ ይጀመር ነበር። እማዬ የአረሙ ሴቶች አለቃ ሆና ከፊት ተንበርክካ፣ ሌሎቹ በኋላዋ ተሰልፈው፣ አንዷ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ እየተቀበለች እስከ ረፋድ ያርሙና፣ ከዚያ ዕረፍት ሲሆን የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ይበላ ነበር። ወንዶቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴ በር ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ከምን እንደሆነ ግን ሰው ጠይቆት አያውቅም። የሁሉም አውራ ግን ጋሽ ወዳጆ ነበር። ከሸኮ ጫካ የመጣ፣ ቤተሰብ የሌለው፣ በአምስተኛው ክፍል ብቻውን የሚኖር፣ እጁ የዛፍ ሥር የሚመስል ሽማግሌ ነው። ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን ጎህ ሲቀድ በጭጋጉ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ፣ ታርጋውን በጥፍሩ መታ እያደረገ፣ እያንዳንዱን ዛፍ በራሱ ቋንቋ በስሙ እየጠራ ሰላም ይለው ነበር። እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ድምፁ ሲርቅና ሲቀርብ እሰማለሁ። ሰውየው አይታይም፤ ስም ብቻ ነው በጭጋጉ ውስጥ የሚሄደው።

አንድ ሰኔ ላይ አዲስ ወጣት ኃላፊ መጣ። ትሑት ልጅ ነበር፤ ጫማውን ጭቃ ሲበላው እንኳ ጭቃውን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ይህን ሁሉ ዛፍ የተከላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስማችሁ ግን የትም የለም፤ እንግዲህ እያንዳንዳችሁ የመረጣችሁትን አንድ ዛፍ ትከሉ፣ ታርጋው ላይም ስማችሁ ይውጣ» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ የዚያኑ ዕለት ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመረ። ጋሽ ወዳጆ ብቻ ሥራውን እያየ፣ ጉንጩን እያሸ ቆመ።

«ክብር እኮ ነው፣ ጋሽ ወዳጆ» አለው አባቴ።

«ክብሩን አውቄዋለሁ፣ ጸሐፊ። ግን አንተ የወጋኸው ስም ሁሉ መጨረሻው ያ ሽቦ ነው።»

«እሱ የዛፍ ነው እንጂ የሰው አይደለም።»

«ይሄን ሽቦው ያውቃል?»

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፤ መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሥራ ሁለት ችግኞች በአንድ መስመር ተተከሉ። ሃምሳ አለቃ ዝግባ መረጠ፣ «ቀጥ ብሎ ስለሚቆም» አለ። እትዬ አስቴር፣ በሦስተኛው ክፍል የምትኖረው የእማዬ ጓደኛ፣ ብርብራ ተከለች። ጋሽ ወዳጆ በመጨረሻ ዋንዛ ይዞ መጣ፤ ወደፊት ወፍሮ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ነው ብሎ፣ በመስመሩ መጀመሪያ፣ በእኛ ቤት ጓሮ ጥግ፣ ከጉልበቴ የማትበልጠዋን ችግኝ ተከላትና አባቴ ስሙን በሽቦ አሰረላት።

ከዚያ ክረምት ሆነ። በዚያ አገር ክረምት ዝናብ ብቻ አይዘንብም፤ ሰማዩ ወርዶ አብሮን ይኖራል። ጠዋት በር ስከፍት እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ አይታዩኝም ነበር። ጉሬዛዎቹ ከላይ ያጉረመርማሉ፣ አንድ ትልቅ ወፍ ክንፉን ሲያርገበግብ ሰው በጆሮዬ የተነፈሰ ይመስለኛል፤ ከወዲያ ደግሞ ቅጭል። መጸዳጃ ቤቱ ከሽቦው ማዶ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አልፈራሁም፣ መንገዱን አሳጠርኩ እንጂ። ከበራችን አሥር እርምጃ ሄጄ፣ ጓሮው ጥግ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጉዳዬን እፈጽምና እመለስ ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ እዚያው ቦታ ነው። ከሰማይ የወረደውና ከእኔ የወረደው ቢለካ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ሰማዩ በጥቂት ነው የሚያሸንፈኝ።

በነሐሴ አጋማሽ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ደረቅ እንጨት ወድቆ የእትዬ አስቴርን ብርብራ ቅርንጫፍ ገነጠለው። በማግስቱ እትዬ አስቴር የረጠበ ደረጃ አዳልጧት እጇ ተሰበረ። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ጎደሬው ቀረበ፣ ማንም አላነሣም።

«ቅርንጫፉ ነው የተሰበረው» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «እጇን ብቻ ወስዶ ተዋት።»

«ከሥሩ ቢሆንስ ኖሮ?» አለች ሌላዋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲገባ በመስመሩ በኩል ዞሮ፣ የራሱን ዛፍ አይቶ ማለፍ ጀመረ፤ አይቼዋለሁ የሚልም አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ለዝግባው በየቀኑ በመለዮው ጫፍ አቧራ ያራግፍለት ነበር፤ በዚያ ዝናብ አቧራ ከየት እንዳገኘለት እንጃ።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ብልጭ ማለት ስትጀምር፣ አሥራ አንዱ ችግኞች ቅጠል ሲያወጡ የጋሽ ወዳጆ ዋንዛ ቢጫ ሆነች። ቅጠሉ ከጫፉ እየተቃጠለ፣ እየተጠቀለለ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ሁሉም ረግፎ፣ ታርጋው ከራሷ ይልቅ ከበደና አንዲት ጎንበስ ያለች እንጨት ብቻ ቀረች። ጋሽ ወዳጆ አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጦ ልጧን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየ። ውስጡ ደርቆ ቡናማ ሆኖ ነበር። ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ሥራው ሄደ። በዚያ ሳምንት ማሳል ጀመረ።

የቡና ለቀማው ደርሶ አገሩ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ሲወጣ፣ ጋሽ ወዳጆ አልጋ ላይ ዋለ። ሰው መሰናበት ያዘ። ሃምሳ አለቃ ከስንት ዓመት በፊት የተዋሰውን ገጀራ ስሎ አምጥቶ ከራስጌው አስቀመጠና ይቅርታ ጠየቀው። ሴቶቹ ሾርባ ይዘው ገብተው በዙሪያው ተቀምጠው፣ «ምን የመሰለ ደግ ሰው ነበር» ይባባሉ ነበር።

«አስቴር፣ እዚሁ ነኝ እኮ» ይላል ጋሽ ወዳጆ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ይተውት፣ አይድከሙ» ትለዋለች እትዬ አስቴር፣ አንቱ እያለች፤ በሕይወቷ አንቱ ብላው አታውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው ከዛፍ ዛፍ እየሄደ ሰላምታ ይሰጣል፣ በየታርጋው መታ፣ መታ ያደርጋል። ጋሽ ወዳጆ በግድግዳው ወዲያ ሲያስል እየሰማሁት ነው። ሳሉ በግራ ጆሮዬ፣ ሰላምታው በቀኝ ጆሮዬ ይገባል። በሩን በትንሹ ከፍቼ ስመለከት፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴ መለዮውን በእጁ ይዞ፣ የዛፎቹን ስም ስለማያውቅ በማዕረግ እየጠራቸው፣ «እንደምን አደርክ አሥር አለቃ፣ እንደምን አደርክ ወታደር» እያለ ይሄዳል። ጋሽ ወዳጆ ስለተኛ ዛፎቹ ሰላምታ እንዳያጡ ፈርቶ ነው። መሣቅ ነበረብኝ፤ አልሣቅኩም፤ እንደዚያ ያለ ወታደር ከፈራ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

በኅዳር ዓመታዊው የዕፅዋት ቆጠራ ይደረግ ነበር። ኃላፊውና አባቴ መዝገብና ፒንሳ ይዘው እያንዳንዱን ዛፍ እያዩ፣ ያለውን «አለ»፣ የሞተውን «የለም» ብለው፣ የሙታኑን ታርጋ ወደ ሽቦው ያመጣሉ። ቆጠራው ለቅዳሜ ጠዋት ተቆረጠ። ከኃላፊው በቀር በጋርደኑ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ የጋሽ ወዳጆ ስም ሽቦው ላይ በተሰቀለ ቀን ጋሽ ወዳጆ አያድርም። ጋሽ ወዳጆም ያውቅ ነበር። ረቡዕ ዕለት ጢሙን አስላጭቶ ንጹሕ ሸሚዙን እንዲያመጡለት ጠየቀ።

እማዬ አባቴን ስትቆጣ የሰማሁት በዚያው ቀን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ታርጋ ትሰቅልና እኔና አንተ እንተያያለን!»

«ሞቷል እኮ። የሞተውን አለ ብዬ ልጻፍ?»

«ሰውየውስ? እሱንስ ምን ብለህ ልትጽፈው ነው?»

አባቴ ፒንሳውን ከሳጥን አውጥቶ፣ ዝገቱን በጨርቅ እየጠረገ፣ መልሶ አስገብቶ፣ እንደገና አወጣው። ማንም ያላወቀውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋንዛዋን የገደላት መንፈስ አልነበረም፤ በየጠዋቱ ዓይኑን ጨፍኖ አጠገቧ የሚቆመውን አውቀው ነበር። ይህን ብናገር አባቴ ይገርፈኛል፣ የአምስቱ ቤት ልጆች እስክሞት ይሥቁብኛል። ባልናገር ደግሞ ቅዳሜ ሰው ይሞታል።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ አምስተኛው ክፍል ገባሁ። ጋሽ ወዳጆ ለብቻው ነበር፤ ክፍሉ የሰም፣ የእርጥብ አፈርና የመድኃኒት ቅጠል ሽታ ነበረው። ፊቱ በአንድ ወር ውስጥ ትንሽ ሆኖ፣ ዓይኑ ብቻ እንደ ድሮው ነው።

«ጋሼ፣ ዛፍህን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በ... በሽንት።»

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከሐምሌ።»

«በየቀኑ?»

«እሁድ ሁለት ጊዜ።»

ሣቀ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ፣ ሣቁ ሳል፣ ሳሉም ሣቅ እስኪሆን ሣቀ፤ እኔም እፎይ ብዬ አብሬው ሣቅኩ። ወዲያው ደግሞ ቢላ እንደነካው ክር ቁርጥ አለና ክንዴን ያዘኝ።

«አሥራ ሁለት ዛፍ አለ። የአባትህ አለ፣ የሃምሳ አለቃ አለ። ወደ እኔዋ ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ። ወደዚያ ማለፍ ፈርቼ ነው።»

«ወዲያ ማን አለ?»

«ታርጋዎቹ።»

«እህ» አለ ቀስ ብሎ፣ ክንዴን እየለቀቀ። «እነሱ ናቸዋ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጥፋት ደግሞ ተቀጥተውበት ያልቃል። አሁን ግን በየጠዋቱ ከበር አውጥቶ፣ አሥር እርምጃ ቆጥሮ፣ እዚያች እንጨት ፊት የሚያቆመኝ ሌላ ነገር እንደነበረ ሳስብ፣ እግሬን የእኔ እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ታች አየሁት።

«ለአባትህ እንዳትነግር» አለኝ ጋሽ ወዳጆ። «መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። አሁን ስማኝ፤ ከምንጩ ውኃ እያመጣህ ሥሯን እጠብ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት። ስትሄድም ስትመጣም በእነሱ ሥር ታልፋለህ። ዝም ብለህ አትለፍ፤ ሰላም በላቸው። አንተ ማንበብ ትችል የለም?»

ምንጩ ከሽቦው ማዶ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በታች ነበር። ባልዲዬን ይዤ ሄድኩ። ሽቦው ሥር ስደርስ ባልዲውን አስቀምጬ ቀና ብዬ አባቴ የወጋቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ «ቁጥር አርባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከማጂ፣ ሰላም ላንተ። ቁጥር ስድሳ ሁለት፣ ኮሶ፣ ከሸኮ፣ ሰላም ላንቺ።» ድምፄ ከጭጋጉ ተመልሶ የሌላ ልጅ ድምፅ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። የተጠሩት ዝም ይላሉ፤ ያልተጠሩት ከወዲያ ይቅጨለጨላሉ፤ ሁሉንም ጠርቼ ስጨርስ፣ ማል ብትሉኝ እምላለሁ፣ ጸጥ አሉ።

ዓርብ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ጋሽ ወዳጆ «እንዴት ናት?» አለኝ። እንጨቷ እንጨት እንደሆነች ነበረች። ፊቱን አየሁት፤ ንጹሑን ሸሚዝ ለብሶታል።

«አቆጥቁጣለች» አልኩት።

«የት?»

«ከሥሯ። በዚህ በኩል።»

ይተኛል፣ ደስ ብሎት ያድራል ብዬ ነበር። እሱ ግን እግሩን ከአልጋ አውርዶ፣ «ነገ አያታለሁ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ከሁሉም ቀን ባሰ። ሠራተኛው በሙሉ ሳይጠራ መጥቶ በመስመሩ ዳርና ዳር ቆሞ ነበር፤ ኃላፊው ለቆጠራ ይህን ያህል ፍቅር ከየት መጣ ብሎ ሳይገረም አልቀረም። አባቴ መዝገቡን በክንዱ ሥር፣ ፒንሳውን በእጁ ይዟል። እኔና ጋሽ ወዳጆ ከጭጋጉ ስንወጣ፣ እሱ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ትከሻዬን ተደግፎ፣ ሴቶቹ አማትበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። አሁን ያያታል፣ ምንም የለም፣ ውሸቴ ይወጣል፣ እዚሁ ወድቆ ይሞታል።

ዋንዛዋ ፊት ተንበረከከ። ጎንበስ ብሎ፣ አውራ ጣቱን ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ደረቁ ልጥ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሁላችንም እናይ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም።

«አለ» አለ ጋሽ ወዳጆ።

ኃላፊው አፉን ከፈተ፤ የሴቶቹን ፊት አየና ከደነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ እንጨቷን አየ፣ ጋሽ ወዳጆን አየ፣ እማዬን ግን አላያትም። መዝገቡን ከፍቶ ብዕሩን አወጣ፤ ከብዕሩ ጫፍ አንዲት የጭጋግ ጠብታ ወርዳ መዝገቡ ላይ ስትፈነዳ አይቻለሁ። ከዚያ «አለ» ብሎ ጻፈ። ያላየውን ሲጽፍ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፣ የመጨረሻዬም ሆነ። ፒንሳውን ኪሱ ሲከት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከቤታችን ጀርባ አንድ ጊዜ ብቻ ቅጭል አለ። ሁሉም ሰማ። ያን ቀን አባቴ አይጥ ነው አላለም።

ጋሽ ወዳጆ ሰኞ ሥራ ገባ። በታኅሣሥ፣ ቡናው በየደጃፉ በተሰጣበት ሰሞን፣ ዋንዛዋ አውራ ጣቱ አርፎበት ከነበረው ቦታ፣ ከዚያችው ነጥብ ላይ አቆጠቆጠች። ሌላውን አጋነንክ በሉኝ፣ ዘንዶውንም ጉሬዛውንም ውሰዱት፤ ይህን ግን አላጋነንኩም። በልግ ሲመለስ ከወገቤ በላይ ሆነች። እኔም ከዚያ ወዲህ በሽቦው ሥር ሳልፍ ሁልጊዜ ስማቸውን እየጠራሁ አለፍኩ፤ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኝ ስለነበር ግን አንዳንዴ አልደረስኩም።

ጋሽ ወዳጆ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እኔ ለትምህርት ወጥቼ ሳለሁ፣ በዕድሜው፣ በእንቅልፉ ሄደ፤ ዋንዛዋም በዚያ ሳምንት አንድ ቅጠል እንኳ አልጣለችም አሉኝ። ዛሬ ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፋትም፣ አናቷ ላይ ቀፎ አለ። ዩኒቨርሲቲው ቦታውን ተረክቦ አስፍቶታል፤ መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ ታርጋው በማሽን የሚታተም ፕላስቲክ ሆኗል፣ ተማሪዎች ስልካቸውን ወደ ታርጋው ዘርግተው ያነቡታል። የሠራተኛው ቤት ፈርሶ በቦታው የችግኝ ቤት ቆሟል። ሽቦው የለም። ዛፍ ሲሞት ኮምፒውተር ላይ ይሰረዝና አለቀ፤ ምንም ድምፅ አያሰማም። ያኔ በጭጋግ ውስጥ በስም የሚጠራቸው ሰው ነበራቸው፤ አሁን ሁሉም ስም አላቸው፣ ጠሪ ግን አላየሁላቸውም።

እኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሽንት ለጋ ሥርን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ውኃ ጨውን እንዴት እንደሚያጥበው፣ ዋንዛ ከደረቀ በኋላ ከሥሩ ለምን እንደሚያቆጠቁጥ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ፤ ሁሉም ምክንያት አለው፣ ሁሉንም ምክንያት አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ላይ ተማሪዎቼን ይዤ ለችግኝ ተከላ ወደዚያው ግቢ ሄጄ አንዲት ጽድ ተከልኩ፤ የማዕከሉ ሠራተኛ፣ ጨዋ ልጅ፣ እንቢ ሳልላት ስሜን አሳትማ ሰቀለችባት። ባለፈው ወር ብርድ መትቶኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ካልሄድን ብላ ጫማዬን ይዛ ስትቆም፣ እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተደብቄ ለግቢው ጥበቃ ስልክ ደውዬ፣ ዛፌን ሄዶ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩ። «ደህና ናት፣ መምህር» አለኝ ተመልሶ። የተሻለኝ ከዚያ በኋላ ነው።